ሁለት ንግድ፣ አንድ ኪውአር፦ በጋራ ሒሳብ የገባን ክፍያ ለግብር እንዴት መለየት ይቻላል

ደሴ ፒያሳ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ካፌና ኬክ ቤት በአንድ የቴሌብር ኪውአር ይሠራሉ። ኮምቦልቻ ላይ መለዋወጫ ሻጩና ጋራዡ አንድ የፖስ ማሽን ይዋዋሳሉ። ባቲ በሰኞ ገበያ ደላላው የግመሉን ዋጋ በራሱ ስልክ ተቀብሎ ለባለቤቱ ያስተላልፋል። ላሊበላ ላይ እንግዳው የአልጋውን፣ የአስጎብኚውንና የበቅሎውን ሒሳብ ሆቴሉ ውስጥ በአንድ ካርድ ይከፍላል። አብዛኛው ሰው ይህን የሚጀምረው ግብር ለመደበቅ ብሎ አይደለም። የአንዱ ንግድ ፈቃድ ገና አልታደሰም፣ ባንኩ ማሽን የሰጠው ለአንዱ ብቻ ነው፣ ወይም ደግሞ «የወንድሜ አለ አይደል» ተብሎ ይቀራል። ጣጣው የሚመጣው ሰኔ 30 ዓመቱ ተዘግቶ ማሳወቂያ ሲሞላ ነው። አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ኦዲተር የባንክ ስቴትመንት ይዞ ሲመጣ።

ገንዘቡ የገባበት ሰው ሽያጭ ነው

የነጋዴ ቴሌብር ሒሳብም ሆነ የባንክ ፖስ የሚከፈተው በአንድ ሰው ወይም ድርጅት ስም፣ በአንድ ንግድ ፈቃድና በአንድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ነው። ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ወደዚያ ሒሳብ የገባ እያንዳንዱ ብር የዚያ ቲን ሽያጭ ተደርጎ ይታያል። «ግማሹ የጎረቤቴ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 59 መሠረት የታክስ ውሳኔ ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። ባንክም የደንበኛን ምስጢር ጠቅሶ ገቢዎችን (ግብር ሰብሳቢውን መሥሪያ ቤት) አይመልስም፤ ያው አዋጅ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ሲጠይቅ መረጃ የመስጠት ግዴታ ይጥላል።

ግለሰብ ነጋዴ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የክልል ግብር ከፋይ ነው። ስለዚህ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ ወይም ቆቦ ያለ ባለሱቅ የሚስተናገደው በአማራ ክልል ገቢዎች ቢሮ ሥር ባለው የከተማው ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የፌዴራል አዋጆች ናቸው። አካሄዱ ግን ለክልል ግብር ከፋይም ያው ነው።

የት የት ይበላሻል

ትልቁ ጉዳት አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ነው። ካፌው የሒሳቡ ባለቤት ነው እንበል። የኬክ ቤቱ ደንበኛ 1,150 ብር በካፌው ኪውአር ይከፍላል፤ ኬክ ቤቱ ከራሱ ካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ይሰጣል። ማታ ካፌው 1,150ውን ለኬክ ቤቱ ባለቤት ያስተላልፋል። አሁን ይህ ብር ሦስት ቦታ ታይቷል፦ በካፌው ሒሳብ ገቢ ሆኖ፣ በኬክ ቤቱ ዜድ ሪፖርት (ካሽ ሬጅስተሩ የዕለቱን ሽያጭ ደምሮ በሚያወጣው ወረቀት) ሽያጭ ሆኖ፣ በኬክ ቤቱ ባለቤት ባንክ ደግሞ ምንጩ ያልተገለጸ ገቢ ሆኖ። ካፌው ያስተላለፈውን እንደ ወጪ ልያዘው ቢል ደረሰኝ ስለሌለው አይያዝለትም። ኬክ ቤቱም «ይህ ቀድሞ ያሳወቅሁት ሽያጭ ነው» ለማለት የካፌው ወረቀት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የደረጃ ጉዳይ ነው። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 የግብር ከፋይ ደረጃዎች ሀ እና ለ ተብለው ሁለት ሆነዋል፤ መለያውም ለግለሰብ ነጋዴ 2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ነው፤ ከዚያ በታች ደረጃ ለ ነው። ካፌው የራሱ ሽያጭ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ፣ በእሱ ሒሳብ ያለፈው የኬክ ቤቱ ሽያጭ 900 ሺህ ቢሆን ስቴትመንቱ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ያሳያል። ደረጃ ለ የነበረው ሰው ደረጃ ሀ ነህ ይባላል፤ የሒሳብ መዝገብ ባለመያዙም ይጠየቃል። ደረጃ ለ ሆኖ ቢቀር እንኳ የሚከፍለው ከሽያጩ ላይ ተሰልቶ ስለሆነ፣ የሌላ ሰው ሽያጭ በተጨመረ ቁጥር ግብሩ በቀጥታ ያድጋል። «ትርፌ ትንሽ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም።

በተቃራኒው የሚመጣ ጥርጣሬም አለ። የባልና ሚስት ወይም የወንድማማች ሁለት ፈቃድ በአንድ ሒሳብ ሲሠራ ኦዲተሩ «ይህ አንድ ንግድ ነው፣ ደረጃ ለመቀነስ ነው የተከፈለው» ሊል ይችላል። የገቢ ግብር ሕጉ ገቢን ከዘመድ ጋር እየከፋፈሉ ግብር መቀነስን የሚከለክል ድንጋጌ አለው። ሁለቱ ንግዶች በእውነት የተለያዩ ከሆኑ የተለያየ ሒሳብ ከማንኛውም ቃል የተሻለ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው ቫት ነው። ለቫት የተመዘገበው አንዱ ብቻ ከሆነ ውጥንቅጡ ይብሳል። በወር 168,900 ብር የኬክ ቤቱ ሽያጭ በካፌው ሒሳብ ቢያልፍና ካፌው ለቫት የተመዘገበ ቢሆን፣ ገቢዎች ያንን ብር ቫትን የጨመረ የካፌ ሽያጭ አድርጎ ያሰላዋል፦ 168,900 ለ1.15 ሲካፈል 146,869.57፣ ቫቱ 22,030.43 ብር። ካፌው ከማንም ያልሰበሰበውን ቫት ከኪሱ ሊከፍል ነው ማለት ነው፤ ያውም የአንድ ወር ብቻ።

ድርጅት የሆነ ደንበኛ ሲኖር ሌላ ችግር ይጨመራል። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ከጋራዡ ደረሰኝ ወስዶ ክፍያውን ለመለዋወጫ ሻጩ ካስገባ፣ የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ ሰነዱን አይቀበልም። ቢቀበል እንኳ ዊዝሆልዲንጉ (ከፋዩ ቀንሶ የሚያስቀረው ቅድመ ግብር) የሚቆረጠው በማን ቲን እንደሆነ ይምታታል። በተሳሳተ ቲን የተቆረጠ ዊዝሆልዲንግ ከሚከፈለው ግብር ላይ አይቀነስም፤ ማስተካከያ ደብዳቤ ለማጻፍ ደግሞ ወራት ሊወስድ ይችላል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። የሒሳቡ ባለቤት የግብር ዕዳ ካለበት ባለሥልጣኑ ባንክ ያለ ገንዘቡን ሊያሳግድ ይችላል። እገዳው የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ አይለይም፤ የኬክ ቤቱ የሳምንት ሽያጭም አብሮ ይታሠራል።

ያለፈውን ማስተካከል

አዲስ ሒሳብ ከመክፈት በፊት ያለፈውን መለየት ይሻላል፤ ሰው ሁሉ ግን የሚጀምረው ከአዲሱ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን ከባድ አይደለም።

ከሐምሌ 1 ጀምሮ ያለውን የቴሌብር ነጋዴ ሒሳብ ዝርዝር ያውርዱ። የባንኩን ስቴትመንት ደግሞ ማህተም አስመትተው ይውሰዱ። የስልክ መልእክት ቅጂ አይበቃም፤ ይጠፋል፣ ቅደም ተከተሉም አይታይም። ቀጥሎ የሁለቱንም ካሽ ሬጅስተር ዜድ ሪፖርቶች በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጡ። የዜድ ወረቀት ቀለሙ ቶሎ ስለሚለቅ ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱት ወይም ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፤ ፌስታል ውስጥ የከረመ ዜድ ለኦዲት ጊዜ ነጭ ወረቀት ሆኖ ነው የሚገኘው።

ከዚያ በኤክሴል ወይም በተሰመረ መዝገብ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መስመር ይያዙ፦ ቀንና ሰዓት፣ የግብይት መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ የማን ሽያጭ እንደሆነ፣ የደረሰኙ ኤፍኤስ ቁጥር (ደረሰኙ ላይ የታተመው ተከታታይ ቁጥር)፣ የዕለቱ ዜድ ቁጥር፣ ለሌላው የተላለፈበት ቀንና የማስተላለፊያው መለያ ቁጥር። መለያው መጠኑ ብቻ መሆን የለበትም። በአንድ ቀን ሦስት ሰው 250 ብር ሊከፍል ይችላል፤ የሚለያቸው ሰዓቱና ኤፍኤስ ቁጥሩ ነው።

የወሩ ድምር እንዲህ ሊሆን ይችላል። በጥቅምት ወደ ካፌው ሒሳብ የገባው 412,000 ብር ነው። ከካፌው ደረሰኞች ጋር የገጠመው 236,500፣ ከኬክ ቤቱ ጋር የገጠመው 168,900፣ እህት ከጅዳ የላከችው 4,000፤ የቀረው 2,600 ከምንም ጋር አልገጠመም። ይህን 2,600 አይደብቁት፣ በኬክ ቤቱም ላይ አይለጥፉት። መጀመሪያ በሰዓቱ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ ዜድ በኋላ የተከፈለና በማግስቱ ደረሰኝ የተቆረጠለት ሆኖ ይገኛል። ካልተገኘ የሒሳቡ ባለቤት እንደ ራሱ ሽያጭ ያሳውቀው። ትንሽ ያልተለየ ገንዘብ በሐቀኝነት ሽያጭ ውስጥ መግባቱ የቀረውን 168,900 ያስታምናል።

ከዘመድ የሚላክ ገንዘብ ወሎ ውስጥ ብዙ ነው፤ በነጋዴ ሒሳብ ላይ ሲገባ ግን ከሽያጭ አይለይም። ላኪው ወደ ግል ቁጥር እንዲልክ ይንገሩት። ቀድሞ ለገባው የሐዋላውን ወረቀት ያያይዙ።

ፖስ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ኮሚሽኑን ቀንሶ ሊያስገባ እንደሚችል አይርሱ። የ10,000 ብር ሽያጭ 9,850 ሆኖ ቢገባ ሽያጩ 10,000 ነው፣ 150ው ወጪ ነው። ብዙ መዝገብ የማይገጥመው እዚህ ላይ ነው። የገባውን እንደ ሽያጭ የያዘ ሰው ዜዱ በየቀኑ ከባንኩ ይበልጥበታል፤ ምክንያቱን ሳያውቅም «ማሽኑ ተበላሽቷል» ይላል። የኬክ ቤቱ ድርሻ ኮሚሽን ስንት እንደሆነም በዚሁ መዝገብ ይጻፍ።

ልዩነቱ ቀድሞ ባሳወቁት ማሳወቂያ ላይ ስህተት ካሳየ፣ ኦዲተር እስኪመጣ አይጠብቁ። ግብር ከፋይ ያሳወቀውን እንዲያሻሽል በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። አሳንሶ ያሳወቀ ሰው በአዋጅ 983/2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎደለው ታክስ 10 በመቶ ይቀጣል፤ ሲደጋገም መጠኑ ይጨምራል።

እስኪለያዩ ድረስ የሚያስፈልገው ስምምነት

አዲሱ ሒሳብ እስኪከፈት ሳምንታት ካስፈለጉ በመሐል ያለውን ጊዜ ያለ ወረቀት አይለፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? አንድ ገጽ ይበቃል። በውስጡ የሁለቱ ስም፣ ቲንና የንግድ ፈቃድ ቁጥር፤ የሒሳቡ ቁጥር ወይም የነጋዴ አጭር ኮድ፤ ገንዘቡ የሚሰበሰበው በኬክ ቤቱ ስምና ጥቅም መሆኑ፤ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሻጩ ራሱ መሆኑ፤ ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚተላለፍ፤ ስምምነቱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ምስክሮች ይኑሩ፤ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቢረጋገጥ ይመረጣል። ቀኑ የተፈረመበት ቀን ይሁን። ያለፈውን ለመሸፈን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተጻፈ ውል ከውል ማጣትም የባሰ ነው፤ አንድ ጊዜ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ እውነተኛውንም መዝገብ አያምኑም።

ይህ ወረቀት ለኦዲት የሚያገለግል ማስረጃ እንጂ የክፍያ ሒሳብ አቅራቢው የፈቀደው አሠራር አይደለም። ባንኩ ወይም የሒሳቡ ሰጪ ድርጅት ከነጋዴው ጋር በገባው ውል ማሽኑን ለሌላ ማዋስን ሊከለክል ስለሚችል ውሉን ያንብቡ። ካፌው ለዚህ አገልግሎት ክፍያ ከወሰደ ያ ክፍያ የካፌው ገቢ ነው፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

ስታስተላልፉ ደግሞ እንዲህ ይሁን። በጥሬ ገንዘብ አትስጡ፤ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይሂድ። ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት 12 ሽያጭ፣ ዜድ 0412» ዓይነት ነገር ይጻፍ። አታጠጋጉ፤ 7,365 ብር ከሆነ 7,365 ይሂድ፣ 7,400 አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን አታቻችሉ። «የቤት ኪራይህን ቀንሼ ላኩልህ» የሚለው ነገር ወሎ ውስጥ የመዋደድ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለመዝገብ ግን መርዝ ነው። ኪራይ የራሱ ገቢ ነው፣ የራሱ ግብር አለው። የሽያጩ ገንዘብ ሙሉ ይሂድ፣ ኪራዩ ለብቻው ይምጣ።

መለያየት

ለአዲስ ነጋዴ ሒሳብ በአብዛኛው የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ምዝገባ፣ መታወቂያ፣ በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ስልክና በፈቃዱ ላይ ባለው ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይጠየቃል። በፈቃዱ፣ በቲኑና በመታወቂያው ላይ ያለው የስም አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆኑን ቀድመው ይዩ። «መሐመድ» እና «ሙሀመድ» ተለያይተው ሲገኙ ነው ማመልከቻው የሚመለሰው።

መቀየሪያ ቀኑን የወር መጀመሪያ ያድርጉት፤ ሐምሌ 1 ቢሆን ደግሞ ዓመቱ በአንድ ሒሳብ ይዘጋል። የመጨረሻው ቀን ማታ ሁለቱም ዜድ አውጥተው የተረፈውን ገንዘብ አስተላልፈው በአንድ ወረቀት ላይ ይፈራረሙ። አሮጌውን ኪውአር ከግድግዳ፣ ከጠረጴዛና ከአስተናጋጆች ስልክ ያንሱ፤ ቀድዳችሁ ጣሉት፣ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። ደንበኛ አሮጌውን ቁጥር በስልኩ ስለሚይዝ ለጥቂት ወራት የተሳሳተ ክፍያ ይገባል፤ እሱን በዚያው መዝገብ ይያዙና በዚያው ቀን ያስተላልፉ።

የአንድ ሰው ሁለት ሱቅ ከሆነስ? ቲኑ አንድ ስለሆነ ሽያጩ የሌላ ሰው ተደርጎ አይቆጠርም። አንዱ ደሴ ሌላው ኮምቦልቻ ከሆነ ግን የየቦታው ሽያጭ መለየት አለበት። ለየሱቁ የራሱ ማሽን ይኑር፤ በአንዱ ፖስ የተከፈለ ክፍያ በሌላው ሱቅ ካሽ ሬጅስተር አይመታ።

በእውነት ሽርክና ከሆነም ሁለት ፈቃድ ይዞ በአንድ ሒሳብ ከመሥራት ማኅበር ማቋቋም ይሻላል። ማኅበር ግን ሽያጩ ምንም ያህል ቢያንስ ደረጃ ሀ ነው፤ መዝገብ መያዝ ግድ ይሆናል፣ ትርፉም 30 በመቶ ይከፈልበታል። ለትንሽ ጁስ ቤትና ለትንሽ ሱቅ ይህ ሸክሙ ይበልጣል ብለን እናስባለን።

ባቲና ላሊበላ

ደላላ ገቢው ኮሚሽኑ ነው። ይህ የሚቆምለት ግን የከብቱ ባለቤት፣ የገዢውና የኮሚሽኑ መጠን በተጻፈበት የሽያጭ ወረቀት ነው። በሰኞ ገበያ ለእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ቅጠል ደረሰኝ ጽፎ ባለቤቱን ማስፈረም፣ ገንዘቡን በዚያው ቀን ማስተላለፍ፣ ኮሚሽኑንም ለይቶ መቀበል ነው። ከተቻለ ገዢው በቀጥታ ለባለቤቱ ይላክ፤ ለደላላውም የራሱን ብቻ። አርሶ አደሩ ስልክ ከሌለው በሚያምነው ዘመዱ ቁጥር ይቀበል፤ የደላላው ሒሳብ የገበያው ሁሉ ኪስ አይሁን።

የላሊበላው ሆቴል መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ጉዞውን የሚሸጠው ራሱ ነው ወይስ ለሌሎች ገንዘብ እየሰበሰበ ነው? እንግዳው አልጋ፣ አስጎብኚና እስከ አሸተን ማርያም የሚወስደውን በቅሎ በአንድ ዋጋ ከሆቴሉ ከገዛ ሙሉው የሆቴሉ ሽያጭ ነው። ለሙሉው ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ለአስጎብኚውና ለበቅሎው የተከፈለው ደግሞ በሰነድ የሆቴሉ ወጪ ይሆናል። እንግዳው ከአስጎብኚው ጋር ራሱ የተዋዋለ ከሆነ ግን ካርዱ ሁለት ጊዜ ይመታ፣ ወይም የአስጎብኚው በጥሬ ገንዘብ ይከፈል። መሐል ላይ መቆም፣ ማለትም ለአልጋው ብቻ ደረሰኝ ቆርጦ ሙሉውን በካርድ መቀበል፣ ሆቴሉን ደረሰኝ ያልቆረጠ ሻጭ ያስመስለዋል።

ደብዳቤው ከመጣ

ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ እና የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው ወርሃዊ ማስታረቂያውን (ክፍያውን በየወሩ የለዩበትን መዝገብ)፣ ስቴትመንቱን፣ የሁለቱንም ዜድ፣ ስምምነቱንና የኬክ ቤቱን ማሳወቂያ ቅጂ አያይዘው በተጠየቀው ቀን ውስጥ ይመልሱ። የኬክ ቤቱ ማሳወቂያ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብሩ አንድ ቦታ ግብር እንደተከፈለበት የሚያሳየው እሱ ነው። ኬክ ቤቱ ሳያሳውቅ ከቀረ ካፌውን የሚያድነው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤቶች ማሳወቂያቸውን ከማስገባታቸው በፊት ቁጥራቸውን ያስተያዩ።

ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ደብዳቤውን ማን፣ በየትኛው ቀን እንደተቀበለ ፖስታው ላይ ይጻፉ፤ ልጅ ተቀብሎት መደርደሪያ ላይ የቆየ ደብዳቤም ቀኑ ይቆጠራል። ቅሬታው ላይ «በዝቶብኛል» አይጻፍ። የትኛው ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መለያ ቁጥር የማን ሽያጭ እንደሆነ በሠንጠረዥ ይቅረብ፤ የማይከራከሩበትንም መጠን ለይተው ያመልክቱ። ዋናውን ሰነድ ለራስዎ ያስቀሩ፣ ቅጂውን ያስገቡ፤ በቀሪው ቅጂ ላይም የመዝገብ ቤት ማህተምና ቀን ያስመቱ።